ቁጥር ሠላሳ አንድ

መምህር ሲላስ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር። የምርጫው ዓመት ስለሆነ ለተማሪዎች ስለ ድምፅ አሰጣጥ አስተምሩ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሌሎቹ የዜግነት ትምህርት መምህራን ሁለት ገጽ ማስታወሻ አስጽፈው ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ማን ጠየቃቸው? ማንም። ሲላስ ግን ነገሩን የምሩን ያዘው። የጫማ ካርቶን በነጭ ወረቀት ለብጦ አናቱ ላይ ቀዳዳ አወጣለት፣ ከአከራዩ አሮጌ መጋረጃ ለምኖ የክፍሉን ጥግ ጋረደ፣ ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ሦስት ቃላት ጻፈ፦ ነፃ፣ ትክክለኛ፣ ምስጢራዊ። ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

ምርጫው ጨዋታ ብቻ እንዳይሆንም እውነተኛ ሹመት አደረገው፤ የአሥራ አንደኛ ሐ የክፍል አለቃነት። ይህን ሹመት ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘው ደግነት ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ያወጣለት ሰው ግን ይቅርታ ቢጠይቅ አይበዛበትም። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ደግሟል፣ ሞተር ብስክሌት አለው፣ አባቱ አቶ አምሃ ዲላ ውስጥ የታወቁ ቡና አቅራቢና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አለቃ የሚመረጠው እጅ በማውጣት ነበር። ደግነት ከፊት ቆሞ ያያል፤ ሃምሳ ስድስት እጅ ይወጣል። አንድ ጊዜ እጁን ያላወጣ ልጅ ከእረፍት የተመለሰው አፍንጫውን በሹራቡ ይዞ ነው። ሲላስ ይህን ያውቅ ነበር፤ መጋረጃውን የለመነውም ለዚሁ ነው።

እዚህ ድረስ ማንም አይወቅሰውም። ጥፋቱ የጀመረው ከማርክ ላይ ነው። ማርክ የሌለው ሥራ ተማሪ እንደማይሠራ ሁሉም መምህር ያውቃል፤ ስለዚህ ለድምፁ አሥር ማርክ መደበለት። ማርኩን ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ ግን ስም ያስፈልጋል፤ ስም ከተጻፈ ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ሲላስ ግማሽ ቀን አሰበና አንድ ዘዴ መጣለት። ከአንድ እስከ ሃምሳ ሰባት የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ባርኔጣ ውስጥ አድርጎ አስወጣቸው። እያንዳንዱ የደረሰውን ቁጥር በጆሮው ይነግረዋል፣ እሱ በደብተሩ ከስሙ ጎን ይጽፈዋል። በድምፅ መስጫው ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ፣ የሚመርጠው ሰው ስም፣ ከሥሩም አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው። አሥሩን ማርክ የሚያስገኘው ምክንያቱ ነበር።

“በዚህ መንገድ ማንም አያውቅባችሁም” አላቸው።

ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት እጅ ወጣች። ማርቲ ናት፤ ከኢዲዶ ገጠር የመጣች፣ ትንሽዬ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ።

“ቲቸር፣ እርስዎስ?”

“እኔማ መምህራችሁ ነኝ!” አለ ሲላስ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ በሠላሳ ዓመቱ ይህን ማየት ነበረበት።

ሐሙስ ዕለት መረጡ። አንድ በአንድ መጋረጃው ውስጥ እየገቡ፣ የሚገፋፋቸው ሳይኖር፣ አንዳንዶቹ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው እየጻፉ። ድምፁ ተቆጠረ። ትንሳኤ የምትባለው የሒሳብ ጎበዝ ሠላሳ ስምንት፣ ደግነት አሥራ ስድስት፣ የተበላሸ ሦስት። ሲላስ ውጤቱን በደስታ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። ደግነት ተነስቶ ለትንሳኤ አጨበጨበ። “ዲሞክራሲ ነዋ!” ብሎም ሳቀ። ሲላስ ይህን አይቶ ያንን ልጅ በክፉ በማሰቡ ትንሽ አፈረ።

ዓርብ ዕለት ሁለተኛውን ጥፋት አጠፋ። ማርክ ሲሰጥ ያገኛቸውን ጥሩ ጥሩ ምክንያቶች መርጦ ለክፍሉ አነበበላቸው። ቁጥር አልጠራም፣ ስም አልጠራም፤ ምን ሊመጣ? አንዱ “ትንሳኤ ስትሳሳት ይቅርታ ትላለች” የሚል ነበር፤ ክፍሉ ወደደው። ከሁሉ ያማረውን መጨረሻ ላይ አስቀርቶት ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

“ቤቱ ውስጥ መናገር የማትችል ሴት የሚመታ ሰው፣ ስለ እኔ እንዲናገር አልፈልግም።”

“ይኼ ነው ውክልና ማለት!” አለ ሲላስ። “ይህን የጻፈ ሰው ከአሥር አሥር አግኝቷል።” ክፍሉ አጨበጨበ። ደግነት ግን አላጨበጨበም፤ ዘወር ብሎ በመጀመሪያ ከኋላ የተቀመጠውን ሙሉካን፣ ቀጥሎ ማርቲን አየ። ሙሉካ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ማርቲ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ከተተች።

ሲላስ ያላወቀው ይህ ነው። ሙሉካ የአቶ አምሃ የታላቅ ወንድም ልጅ ነው፤ ማርቲ የእህታቸው ልጅ። ሁለቱም ከኢዲዶ ለትምህርት መጥተው በአቶ አምሃ ቤት ይኖራሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይለቅማሉ። በዚያው ግቢ ጓሮ ደግሞ ከተወለደች ጀምሮ የማትሰማና የማትናገር የአቶ አምሃ ታናሽ እህት ትኖራለች። ደግነት በሆነ ነገር ሲናደድ ንዴቱን የሚወጣው በእሷ ላይ ነው፤ ብትጮህም ቃል አይወጣትም። ይህን ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ከቤቱ ሰው ደግሞ፣ ከራሱ ከደግነት ሌላ፣ አሥራ አንደኛ ሐ ውስጥ የሚማሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

ሰኞ ሙሉካ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ የታች ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ግራ ክንዱን በነጠላ ቁራጭ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ሲላስ በእረፍት ሰዓት መጻሕፍት የሚቀመጡበት ክፍል አስገባውና በሩን ዘጋ።

“ምን ሆነህ ነው?”

“ከሞተር ወድቄ ነው፣ ቲቸር።”

“ሞተሩ ነው በቡጢ የመታህ?”

 ሙሉካ ባልተደፈነው ዓይኑ ቀና ብሎ አየው። “እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ማን እንደጻፈም አልጠየቅኩም። አልጠይቅምም።”

ሲላስ ደብተሩን አወጣና ያልተመለከተውን ዝርዝር ተመለከተ። ማርኩን ሲሰጥ ቁጥሩን እንጂ ስሙን ልብ አላለም ነበር። ሠላሳ አንድ፤ ማርቲ።  የገዛ ተማሪውን ምስክርነት እንደ ጥሩ ድርሰት ቆሞ አስጨብጭቦበታል።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሮጠ። ርዕሰ መምህሩ የሰሙት ነገር ሁሉ ሥራ እንደሚጨምርባቸው ሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። “የቤት ጠብ ነው። ምርጫው ምን አገባው? ደግሞ አንተን ማርክ ጨምርበት ያለህ ማን ነው?” አሉት። ከዚያ ወጥቶ በዚያው ቀን ከሰዓት የአቶ አምሃን የቡና መጋዘን ፍለጋ ሄደ። አቶ አምሃ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ጆንያ ያስመዝኑ ነበር። በአክብሮት ተቀበሉት፣ ወንበር አስመጡለት።

“ስለ ሙሉካ ከሆነ የመጣኸው፣ ነገሩ አልቋል፣ መምህር” አሉ። “ልጁ ተጣርቶ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል። ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። እኔ ያልኩት ደግሞ በቤቴ ይሰማል።”

“ማርቲስ?”

“በማርቲ ላይ ማስረጃ የለም። ያለ ማስረጃ የሰው ልጅ አይመታም። ለደግነትም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።”

ሲላስ እፎይ አለ። ሙሉካ እንዴት ተጣርቶ እንደወጣ አልጠየቀም። ማስረጃ ቢገኝስ ብሎም አልጠየቀም። ቤቱ ገብቶ ሃምሳ ሰባቱን ወረቀት ከነዝርዝሩ ከሰል ምድጃ ውስጥ አቃጠለ፤ አመዱን እስኪደቅ አማሰለው። ምስጢሩ አሁን ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነበር። ሊፈልጉት የሚመጡትም እዚያው እንደሆነ አላሰበም።

ረቡዕ ከሰዓት ዝናቡ ሊጀምር ሲል ሲላስ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በእንሰቱ መካከል በምታልፈው አቋራጭ ይሄድ ነበር። ደግነት ከኋላው በሞተር ደረሰበት። ሁለት ጓደኞቹ በሌላ ሞተር ተከትለውታል።

“ቲቸር፣ አባዬ ይፈልግዎታል። መጋዘን ነው ያለው።”

ሲላስ አመነ። ኋላ ተቀመጠለት፤ እንዲያውም ከዝናብ ስላዳነው አመሰገነው። መጋዘኑ ሲደርሱ አቶ አምሃ አልነበሩም፤ ወደ ገደብ ለገበያ ሄደዋል። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋና ከውስጥ ተቀረቀረ። ቀጥሎ የመጣው ቡጢ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ፤ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በሞላው ጆንያ ላይ ተደፋ።

ተማሪ መምህሩን ሲመታ የመጀመሪያው ከባድ ነው፣ ለመቺውም ለተመቺውም። ደግነት የመጀመሪያውን ከመታ በኋላ ለአፍታ ቆሞ እጁን አየ። ከዚያ በኋላ ግን ቀለለው። ሦስቱ ተቀባበሉት። በጫማ ጎኑን፣ በቡጢ አፉን፣ ሊነሣ ሲል በጉልበት ሆዱን። አንደኛው ከጥግ ፌሮ ብረት አንሥቶ ቅልጥሙን ሲመታው ሲላስ ድምፁን ከአጥንቱ ውስጥ ሰማው። ያስመለሰው ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

“አንድ ቃል ነው የምፈልገው” አለ ደግነት አጠገቡ ተንበርክኮ። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። “ማርቲ ናት አይደል? አዎ በለኝና ሂድ። አባዬ ማስረጃ አምጣ ብሎኛል። ማስረጃው አንተ ነህ።”

“አላውቅም። ወረቀቱን አቃጥዬዋለሁ።”

“ወረቀት አልጠየቅኩህም።”

“ከቤታችሁ ውጭ የሆነ ሰው ነው። የሰማ ሰው ነው።”

“ከየት ሰምቶ? ዱዳዋ ነግራው?” ጓደኞቹ ሳቁ። ደግነት አልሳቀም። “ሳገኛት ምን እንደማደርግ ልንገርህ? መናገር ስለማትችል ሴት ነው አይደል የጻፈችው? እሷንም እንደዚያች አደርጋታለሁ። ከዚህ ወዲያ ለማንም አትጽፍም፣ ለማንም አትናገርም።”

ይህን ሲል ያስፈራራ አይመስልም ነበር፤ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ይመስል ነበር። ሲላስ አመነው። ቀኝ እጁን ጎትተው ሚዛኑ ብረት ላይ ዘረጉት። ደግነት የሃያ ኪሎውን መመዘኛ ብረት አነሣና የሌባ ጣቱ ላይ ለቀቀው። ሲላስ በሕይወቱ እንዲያ ጮሆ አያውቅም። “ማርቲ ናት?” አይደለችም። የመካከለኛው ጣቱ ተራ ደረሰ። “ማርቲ ናት?” አይደለችም፣ አይደለችም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው አይደለችም። “እሺ ማን ነው?” ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ አለ።

በዚያች ቅጽበት ሲላስ አሰበ። ሰው እንዲያ ሲሰቃይም ያስባል፤ ክፋቱ እሱ ነው። ሙሉካ አንዴ ተመቷል። ነገሩ አልቋል ተብሏል። አባትየው ማንም አይነካውም ብለዋል፤ እሳቸው ያሉት ደግሞ በቤታቸው ይሰማል። ማርቲን ግን የሚከላከልላት የለም። ይህን ሁሉ ያሰበው ብረቱ ከላይ እስኪወርድ ነው። ቆንጆ ስሌት መሰለው።

“ሙሉካ ነው” አለ።

ብረቱ አልወረደም።  ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀምሮ ነበር።

“ሙሉካ?” አለ ደግነት። ፊቱ ላይ ንዴት ሳይሆን ግርምት ነበር። “ሙሉካ አባዬ ፊት በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ ነው የማለው። እኔ አልጻፍኩም ብሎ። እኛ ቤት ማንም ምሎ አያውቅም። አባዬ አለቀሰ እኮ ያን ቀን። ማርቲ አልምልም፣ አትማሉ ተብሏል ብላ እምቢ አለች፤ እሱ ግን ማለ።” ተነሣ። “በእግዚአብሔር ቃል ላይ ዋሸ ማለት ነው።”

ሲላስ ልጁ እንዴት ተጣርቶ እንደወጣ የገባው ያኔ ነው። የሙሉካ መከላከያ መሐላው ነበር፤ እሱ ደግሞ በአንድ ቃል መሐላውን አፈረሰበት። “ዋሽቼ ነው! እሱ አይደለም!” ብሎ ጮኸ። አልሰሙትም፤ ቢሰሙትም አላመኑትም። በሩ ተከፍቶ ከውጭ ተቆለፈ፣ ሞተሮቹ ተነሡ።

በሩ ድረስ በክርኑ ተሳበ። ባልተሰበረው እጁ ቆርቆሮውን ደበደበ። “ዋሽቼ ነው!” ዝናቡ በረታ። “እሱ አይደለም!” ሊሰማው የሚችል ሰው አልነበረም። በመጨረሻም፣ ይህን ለማንም ባይናገር ይመርጥ ነበር፣ “ማርቲ ናት! ማርቲ ናት የጻፈችው!” ብሎ ጮኸ፤ ደጋግሞ፣ ድምፁ እስኪዘጋ። ጣቶቹን የሰጠላትን ልጅ ራሱ በነፃ ሰጣት። ዝናቡ ባይኖር ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ሸጧቸው ነበር።

የመጋዘኑ ዘበኛ ዝናቡ ሲያባራ መጥቶ ከፈተለት። ባጃጅ ይዞ አቶ አምሃ ቤት ሲደርስ ደጁ በሰው ተሞልቷል። ሙሉካን በብርድ ልብስ ይዘው እያወጡት ነበር። ፊቱ ላይ ፊት አልነበረም። አንድ እግሩ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፏል። ከኋላ የማትናገረው ሴት ፀጉሯ በደም ረጥቦ፣ አንድ ክንዷ ተንጠልጥሎ፣ አፏን ከፍታ ትከተላለች። ከአፏ የሚወጣው ድምፅ ሰው ሁሉ ፊቱን እንዲያዞር አደረገው።

ሙሉካ ሆስፒታል ደርሶ አርባ ደቂቃ እንኳ አልቆየም።

ለሲላስም እዚያው ጣቶቹን ጀሶ አደረጉለት። ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ማርቲ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኛት። የደንብ ልብሷ በደም ተበክሏል፤ የእሷ አልነበረም። አጠገቧ ተቀመጠ። ቀና ብላ ሳታየው ተናገረች።

“አጎቴ ከገደብ እንደገቡ ነገሯቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሙሉካን ጠሩት። ‘እዚህ ላይ ዋሽተሃል?’ አሉት። ‘አልዋሸሁም’ አለ። ‘መምህሩ ነው የሚዋሸው?’ አሉት። ሙሉካ ምን ይበል? ዝም አለ። አጎቴ ጃንጥላቸውን ይዘው ለጸሎት ወጡ። ሲወጡ ደግነትን ‘አስተምረው’ አሉት። በቃ ይኼንኑ ነው ያሉት።”

“ማርቲ...”

“እኔ ነኝ አልኩ። ቁጥሬ ሠላሳ አንድ ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩ። ደግነት እግር ላይ ወደቅኩ። ደግነት ‘ልታድኚው ነው፣ ቲቸር ራሱ ነግሮናል’ አለኝ። በፌሮው ነው የመታው። አክስቴ በላዩ ተኛችበት። እሷንም መታት። እኔን አልነካኝም። ሃያ ጊዜ እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ቲቸር፣ አንድም ሰው አላመነኝም። ያመኑት እርስዎን ነው።”

ማርቲ ይህኔ ቀና ብላ አየችው።

“ያውቁ ነበር አይደል? እኔ መሆኔን።”

“አውቅ ነበር።”

ማርቲ ተነሥታ ከአግዳሚው ሌላ ጫፍ ሄዳ ተቀመጠች።

ደግነትና ሁለቱ ጓደኞቹ በማግሥቱ ተያዙ። ሲላስ ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ ስለ ጣቶቹ ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ ሰጠው ስም ግን “አስገድደው ስም አስወጡኝ” ከማለት አላለፈም። መርማሪው ‘የማንን ስም?’ ብሎ አልጠየቀውም፤ የሞተው ማን እንደሆነ ይታወቃላ። እንዲያ ቢቀር ይቀር ነበር። ሲላስም እንዲቀር ፈልጓል፤ አልፈለግሁም ብሎ የሚዋሽበት ምክንያት የለም።

በአራተኛው ቀን ለለቅሶ ወደ ኢዲዶ ሄደ። ከዲላ ይርጋጨፌ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሞተር ወደ ላይ። ቀይ ቡና በየደጁ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ የለቀሙትን መገልበጥ ያለባቸው ሰዎች ግን ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ሲላስ በጀሶ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ሲገባ ሰው ተነሣለት። መምህሩ መጣ፣ ለልጁ ሲል ጣቱን የሰጠው መምህር መጣ ተባለ። ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ሰጡት። አንዲት ሴት ቆጮ አቅርባ በአንድ እጁ መብላት እንዳይቸግረው እየቆረሰች አኖረችለት። እሱም ተቀመጠ። ቆጮውን ማላመጥ እንጂ መዋጥ አልቻለም።

ከኋላው የሚንሾካሾኩ ሰዎች ነበሩ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነበር፤ ግን በመጽሐፉ ላይ ዋሽቶ ምሎ እንዴት ሆኖ በረከት ያገኛል? ቄሱም በቀብሩ ላይ ስለ መንግሥተ ሰማይ ብዙ አልተናገሩም ይባላል። እናቱ ከውስጥ ክፍል ሦስት ቀን ሙሉ አልወጣችም። ሴቶቹ ሊያጽናኗት ሲሄዱ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ለምን ዋሸ።

የሙሉካ አባት፣ የአቶ አምሃ ታላቅ ወንድም፣ ጭቃ የያዘ ቦቲ ጫማ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። መጥተው ከሲላስ ፊት ቁጢጥ አሉ። በጌዴኦኛ ነው ያናገሩት፤ ሲላስም አፉን የፈታው በዚያው ቋንቋ ነው።

“መምህር፣ ልጄ ያን ቃል መጻፉ አላሳፈረኝም” አሉ። “እህቴ እንደምትመታ እኛም አናውቅም ነበር። በመጻፉ ኮርቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ለምን ማለ? እውነቱን ተናግሮ ቢሞት ይሻል ነበር። አንተ መምህሩ ነህ፤ የልጁን ልብ ታውቃለህ። ለምን ማለ?”

ሲላስ ቀና ሲል ማርቲ ከሴቶቹ መካከል እያየችው ነበር። አትለምነውም፣ አትቆጣውምም፤ ብቻ ታያለች። ከሽማግሌው ኋላ ሁለቱ የሙሉካ ታላላቅ ወንድሞች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሲላስ ፈራ። በመጋዘኑ ውስጥ ከፈራው በላይ ፈራ፤ እዚያ ቢያንስ ቃል እንዲያወጣ የሚያስገድደው ሰው ነበር። እዚህ ዝም ቢል ማንም ምንም አይለው፤ እንዲያውም አመስግነው፣ መርቀው፣ እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኙታል።

“አልጻፈም” አለ።

ሽማግሌው አልሰሙትም መሰለ። “እ?”

“ሙሉካ አልጻፈም። ማን እንደጻፈ እኔ አውቅ ነበር። እሱ አይደለም። ሲያሠቃዩኝ የእሱን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ተመትቶ ያለፈለት መስሎኝ፣ ከእንግዲህ አይነኩትም ብዬ። በሐሰት ነው የሰጠሁት። መማሉን አላውቅም ነበር።”

 ማርቲ ብድግ ብላ ቆመች። “የጻፍኩት እኔ ነኝ” አለች። “ስናገር ነበር።” ይህኔ አመኗት።

“አንተ ነህ?” አለ ታላቁ ወንድም። ዱላው ሲነሣ ሲላስ አየው፤ እጁን አላነሣም። ጉንጩ ላይ አረፈበትና ከነወንበሩ ወደቀ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ፣ ሦስተኛው ጀሶው ላይ አረፈ፤ ጀሶው ተሰነጠቀ። ሴቶች ጮኹ። ሰዎች ታላቁን ወንድም ከኋላ ያዙት፣ እሱ ግን እየጎተታቸው መጣ። ታናሹ ወንድም በእግሩ ይረግጠው ጀመር። ሲላስ ጭቃው ላይ ሆኖ የአፉን ደም ይተፋ ነበር።

ሽማግሌው ገላጋይም አልሆኑ፣ ተቆጪም አልሆኑ። ቁጢጥ ባሉበት ቆይተው ነበር። አሁን ተነሥተው ወደሚደበደበው ሰው ቀርበው ጎንበስ አሉ።

“ልጄ አልዋሸም?” አሉ።

“አልዋሸም” አለ ሲላስ።

“በመጽሐፉ ላይ የማለው እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

ሽማግሌው ቀና አሉ። ልጆቻቸውን አላዩም፣ መምህሩንም ዳግመኛ አላዩም። በሰው መካከል እየተጋፉ ወደ ቤቱ ገቡና የውስጡን ክፍል በር በሁለት እጃቸው ገፉት።

“ተነሺ” አሉ ሚስታቸውን፣ ድንኳኑ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። “ተነሺ፣ ልጅሽ አልዋሸም። ሰምተሻል? ሙሉካ አልዋሸም።”